ሊነክስን ሳይጭኑ በፍላሽ መሞከር (ደሴና ኮምቦልቻ)

አንድን ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ለምሳሌ የዊንዶውስ አማራጭ የሆነውን ሊነክስን) ሃርድ ዲስክ ላይ ሳይጭኑ ከሲዲ ወይም ከፍላሽ አስነስቶ መጠቀም «ላይቭ» ይባላል። ሲስተሙ የሚሠራው ከፍላሹና ከራም ስለሆነ፣ ተጠቃሚው ራሱ ካልነካካው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዊንዶውስም ፋይልም እንዳለ ይቆያል።

አጀማመሩ እ.ኤ.አ. በ1992 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ከወጣው ይግድራሲል ከተባለ የሊነክስ ሲዲ እንደሆነ ይነገራል። አሠራሩን ለሰፊው ተጠቃሚ ያስለመደው ግን ያለ ጥርጥር ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር በ2000 ያወጣው ክኖፒክስ ነው።

እንደኛ ላለ አገር ዋናው ዘመን ኡቡንቱ የተባለው የሊነክስ ዓይነት ነው። በጥቅምት 2004 የወጣው ኡቡንቱ፣ ሲዲውን የፖስታ ወጪ እንኳ ሳያስከፍል ለጠየቀው ሁሉ ወደ መላው ዓለም ይልክ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፖስታው ውስጥ ሁለት ሲዲ ይገኝ ነበር፤ አንዱ ለመሞከሪያ፣ አንዱ ለመጫኛ። በ2006 ሁለቱ በአንድ ሲዲ ተጠቃለሉ፤ ሰው ሞክሮ ከወደደው እዚያው መጫን ቻለ። የፖስታ ሳጥን ቁጥር ላለው የደሴ ነዋሪ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ያኔ በ56 ኪሎቢት የስልክ መስመር 700 ሜጋባይት ማውረድ፣ መስመሩ ሳይቆረጥ ቢሠራ እንኳ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃልና። አገልግሎቱ በ2011 ቆመ።



ዛሬ ሲዲውን ፍላሽ ተክቶታል። በደሴና በኮምቦልቻ ኮምፒውተር ያስቸገረው ሰው ጥገና ቤት ሲሄድ በብዛት የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ላይቭ ፍላሽ ከዚያ በፊት ያለ አማራጭ ነው፤ ዊንዶውስ አልነሳ ካለ ላፕቶፕ ላይ እንኳ፣ ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ካልተቆለፈ፣ የሠርግ ፎቶውንና የመመረቂያ ጽሑፉን ገልብጦ ያወጣል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 2025 ካበቃ ወዲህ ደግሞ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 ማደግ ለማይችል አሮጌ ማሽን ሊነክስ ይስማማው እንደሆነ የሚታየው በዚሁ መንገድ ነው። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩታችን የኮምፒውተር ተማሪዎችም የጓደኛ ላፕቶፕ ተውሰው ሳያበላሹ ሊለማመዱበት ይችላሉ።

የሚወርደው የሊነክስ ፋይል ከ3 እስከ 6 ጊጋባይት ስለሚመዝን አንድ ሰው በሌሊት ጥቅል አውርዶ ለሌሎች ቢያካፍል ይመረጣል። ሩፈስ ወይም ቬንቶይ በተባሉት ፕሮግራሞች ፍላሹ መጀመሪያ ሲዘጋጅ በፍላሹ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ የብዙ ሰው ፋይል የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲበራ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ተጭኖ ፍላሹን መምረጥ ነው። ከተነሣ በኋላ መጀመሪያ መታየት ያለበት ዋይፋይ ነው፤ አንዳንድ የብሮድኮም ካርዶች ተጨማሪ ድራይቨር ካላገኙ ኔትወርክ አያሳዩም። ቀጥሎ ድምፅ፣ ካሜራ፣ ላፕቶፑ ተከድኖ ሲከፈት መንቃቱ። ፍላሽ ከዲስክ ስለሚዘገይ በፍጥነቱ ብቻ መፍረድ ግን ተገቢ አይደለም።

የግዕዝ ፊደልም መሞከር አለበት። አይባስ በተባለው የሊነክስ የጽሑፍ ማስገቢያ ላይ ኤም17ኤን የተባለው የአማርኛ ኪቦርድ ሲጨመር በላቲን ፊደል «ሰላም» ብሎ የጻፈ ሰው ፊደሉ እዚያው ሲቀየር ያያል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን ኪቦርዱም የተጻፈውም የለም፤ ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ መብራት ሲሄድም እንዲሁ። እንዲቀመጥ የሚፈልግ ፍላሹን ሲያዘጋጅ ሩፈስ ላይ ለማስቀመጫ የሚሆን ቦታ አብሮ መመደብ ይኖርበታል።