ዋት ምንድን ነው? የኋላ ስፒከር ልትቀይር ላሰብከው

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ቪትዙን ይዞ መጣ። ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችውን መደርደሪያ አስቀድዶ ሁለት ስድስት በዘጠኝ ኢንች ሞላላ ስፒከር አስገጥሟል። ካርቶኑንም አልጣለውም፣ እንደ ማስረጃ ይዞት ነው የመጣው። በትልልቅ ቁጥር "1000 ዋት" ይላል። "ጋሼ፣ ድምፁ ከድሮው ቀነሰ እኮ፣ ቴፑ ተቃጥሎ ይሆን?" አለኝ።

ቴፑ አልተቃጠለም። ልጁ የገዛው ቁጥር ነው።

ይህን ታሪክ ስንቴ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ዝም ልል ነበር፤ ግን በዚያው ሰሞን አንዱ በቪዲዮ ወጥቶ "ባለ 1000 ዋት ከኋላ ከገጠምክ አምፕ (ለብቻው የሚገጠም ድምፅ ማጉያ) ምን ያደርግልሃል፣ ጉልበቱ እኮ ስፒከሩ ውስጥ ነው" ሲል ሰማሁት። እንዴ! ጉልበቱ ስፒከሩ ውስጥ ነው? እሺ፣ እንነጋገር።

ዋት የጉልበት መለኪያ ነው። ስፒከር ዋት አይሰጥም። ይቀበላል። ስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት ሳይቃጠል ስንት መቀበል እንደሚችል ብቻ ነው የሚነግርህ። የሚሰጠው ቴፑ ነው፣ ካለህም አምፑ።

ጆንያ አስብ። ጆንያው ላይ "100 ኪሎ" ተብሎ ስለተጻፈ ውስጡ 100 ኪሎ ጤፍ አለ ማለት አይደለም። ባዶ ጆንያ ተሸክመህ ቤት ገብተህ "ጤፍ ገዛሁ" ብትል ሚስትህ ምን ትልሃለች? ነጋዴው 20 ኪሎ ከሰፈረልህ በ100 ኪሎ ጆንያም ያዘው በ50፣ ያው 20 ኪሎ ነው። ልጁ ያደረገው ይህንን ነው። ነጋዴውን ሳይቀይር ጆንያ ቀየረ።

ነጋዴው በእርግጥ 20 ነው ወይ የሰፈረው? ቴፑ ላይ "50 በ 4" ይላል እኮ፣ ለአራት ስፒከር መስመር ለእያንዳንዱ 50 ዋት፣ ትለኛለህ። ካልኩሌተር አውጣ። ሞተር ተነስቶ ዲናሞው ሲሠራ የመኪናው ቮልት 14.4 ገደማ ነው። 14.4ን በራሱ አባዛና በስፒከሩ 4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋሙ መለኪያ ነው) አካፍለው። 51.84። ያውልህ "50"! ግን ይህ ቁጥር የሚወጣው ቴፑ ያለውን ቮልት በሙሉ ሰቅሎ ሳያወርድ ቢይዘው ነው፤ ሙዚቃ ደግሞ ሞገድ ነው፣ ይወጣል ይወርዳል፣ ስለዚህ ለንጹህ ሞገድ ግማሹን ውሰድ፣ 26 ገደማ፣ ከዚያ ላይ ቴፑ ውስጥ ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ ራሱ የሚበላውን ስትቀንስ በአንድ መስመር የሚተርፍህ 20 ዋት አካባቢ ነው። የቴፕ ውስጥ ሥራ የሚያውቅ ሰው ቲዲኤ 7388 የምትባለውን ቺፕ አያጣትም። የራሷ ሰነድ ማክስ 45 ዋት ይልና በ14.4 ቮልት ደግሞ 26 ዋት ይላል፣ ያውም 10 በመቶ መዛባት ተፈቅዶላት። 10 በመቶ የተዛባ ድምፅ ንጹህ አይባልም።

"አር ኤም ኤስ" የምትለዋን ጽሑፍ ፈልግ የምንለው ለዚህ ነው። አር ኤም ኤስ ስፒከሩ ሰዓታት ሙሉ ሲጫወት የሚችለው ነው፣ ወዛደር ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት የማይቀደድ ጆንያ በለው። ማክስ ወይም ፒክ የሚሉት ደግሞ ጆንያውን ከአይሱዙ ላይ አንዴ ስትወረውረው ስፌቱ ካልተተረተረ የሚመዘገብ ቁጥር ነው። ያ 1000 የሚለው ካርቶን ጎኑ ላይ በደቃቅ ፊደል ስንት እንደሚል ታውቃለህ? አር ኤም ኤስ 120። የኤሌክትሪክ መምህር ቢያነበኝ ይቆጣል፤ አር ኤም ኤስ የሚባለው ቮልቱ ነው፣ ዋቱ "አማካይ" ነው መባል ያለበት። ልክ ነው። ግን ካርቶኑ ላይ "አማካይ" ብሎ የሚጽፍልህ የለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሲኢኤ 2006 (ዛሬ ሲቲኤ 2006) የሚባል ደንብ አለ (2006 ቁጥሩ ነው፣ ዓመቱ አይደለም)። አምፕ በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ ከ1 በመቶ ባልበለጠ መዛባት ይለካ ይላል። አምፕ ስትገዛ ያ ምልክት ካለበት ቁጥሩን ማመን ትችላለህ። ከሌለበት ዋጋውንና ክብደቱን አይተህ ፍረድ።

እሺ፣ 20 ዋቱ ያው 20 ከሆነ ድምፁ ለምን ቀነሰ? ሰው የማይጠይቀው፣ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ነገር እዚህ ጋ አለ። ሴንሲቲቪቲ ይባላል። ስፒከሩ 1 ዋት ሰጥተኸው በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያወጣል ነው ነገሩ። በጤፉ ስንሄድ፣ ከአንድ ኪሎ ስንት እንጀራ ይወጣል? በረከት ያለው ጤፍ አለ፣ በረከት የሌለው አለ። ከፋብሪካ የመጣችው ቀላል የወረቀት ስፒከር፣ ያቺ አውጥተህ የጣልካት፣ ለትንሽ ቴፕ ተብላ የተሠራች ስለሆነች በትንሽ ዋት ትጮሃለች። ብዙ ዋት እንዲችል የተሠራው ግን የሽቦ ጥቅሉ ወፍራም ነው፣ ወረቀቱ ከባድ ነው፣ ዙሪያው ደረቅ ነው፤ እሱን ለማንቀሳቀስ ጉልበት ይፈልጋል። አንዱ 92 ዴሲቤል፣ ሌላው 86 ቢል "6 ምን አላት" እንዳትል። በየ3 ዴሲቤሉ ዋቱ እጥፍ ነው። 6 ማለት 4 እጥፍ ነው። የድሮዋ በ20 ዋት የምታወጣውን ድምፅ አዲሱ ለማውጣት 80 ይፈልጋል። ቴፑ ከየት አባቱ ያምጣ?

እዚህም ቁጥር ላይ ማጭበርበር አለ። አንዳንዱ አምራች በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ይለካል። ይህ በ8 ኦም ስፒከር 1 ዋት ነው፣ በ4 ኦም ግን 2 ዋት። በነጻ 3 ዴሲቤል ተጨመረለት ማለት ነው። ሁለት ስፒከር ስታወዳድር በአንድ ዓይነት መለኪያ መሆኑን እይ።

"ግድ የለም፣ ቮልዩሙን እጨምረዋለሁ" ካልክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ነጋዴው 20 ኪሎ ብቻ እያለው 40 አምጣ ብለህ ስታስጨንቀው ምን ያደርጋል? ጀሶ ይቀላቅላል። ቴፑም እንደዚያው ነው። ቮልቱ ጣሪያ ሲነካ የሞገዱ አናት ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ክሊፒንግ የሚሉት ይህ ነው። አናቱ የተቆረጠ ሞገድ መጮሁ ብቻ አይደለም፣ ከንጹሁ የበለጠ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ በላዩ ላይ የሚፈጠረው ቀጭን ድምፅ ደግሞ ቲዊተሯ፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር፣ ላይ ያርፋል። "ዋት ሲያንስ ስፒከር ይቃጠላል" የሚሉት ከዚህ የመጣ ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ትንሽ ዋት ማንንም አያቃጥልም፤ እንዲያማ ቢሆን ሙዚቃ በቀስታ የሚሰማ ሰው ሁሉ በየወሩ ስፒከር ይቀይር ነበር። የሚያቃጥለው ጀሶው ነው። (ጆንያዬ እዚህ ጋ መቀደድ ጀምሯል፣ ልተወው።)

ሌላም ሰሞነኛ ወሬ አለ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ደንበኛ በዝቷል። "የእኔ ባትሪ ግዙፍ ነው፣ ዋት አያንሰኝም" ይሉኛል። ያ ግዙፍ ባትሪ ጎማ ነው የሚያዞረው። ሙዚቃውን የሚያጫውተው ትንሿ 12 ቮልት ናት። ወፍራሟን ብርቱካናማ ኬብል ደግሞ ለሙዚቃ ብለህ እንዳትነካት፣ ትገድላለች።

ታዲያ የኋላ ስፒከር አይቀየር ነው የምትለው? አላልኩም። ስድስት በዘጠኝ ከኋላ መግጠም ሞኝነት አይደለም፤ ሴዳን ላይ የዕቃ መጫኛው እንደ ሳጥን ሆኖለት ደህና ቤዝ ያወጣል። ቪትዝ ላይ ግን መደርደሪያዋ ስስ ናት፣ ዙሪያዋም ክፍት ነው። ስፒከሩ ወደ ላይ የሚገፋው አየርና ከሥር የሚጎትተው ሲገናኙ ይጣፋሉ። ቤዙ የሄደው እዚያ ነው። ደግሞም ዘፋኝ ከኋላህ ቆሞ ጆሮህ ሥር አይዘፍንም፣ ከፊትህ ነው የሚቆመው። ብቻህን የምትነዳ ከሆነ ገንዘቡን ፊት በር ላይ አውለው። ከኋላ ልጆች ካሉህ፣ ወይም ተሳፋሪ የምትጭን ከሆነ፣ ያኔ የኋላውም ይታሰብበት፤ የዋቱ ቁጥር ዝቅ፣ ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለውን ምረጥ። አምፕ ከጨመርክ ሌላ ጨዋታ ነው። ያኔ ያ ወፍራሙ ስፒከርም ጥቅም ያገኛል። አምፑ በአንድ መስመር 75 አር ኤም ኤስ በንጹሁ ከሰጠ ለሰፈር ሁሉ ይበቃል።

የልጁን ነገር ልጨርስ። የድሮዎቹን ስፒከሮች አስቀምጧቸው ስለነበር ወደ ቦታቸው መለስናቸው፣ ስድስት በዘጠኞቹ አምፕ እስኪገዛ ቤቱ ይቆያሉ። ስፈታቸው ግን አንድ ነገር አየሁ። የግራው ፕላስና ማይነስ ተገልብጦ ነው የታሰረው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጎትታል፣ የተረፈችው ቤዝም በዚያ አለቀች። ይህን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ሽቦውን ከቴፑ ንቀልና የሪሞት ባትሪ፣ ያቺን 1.5 ቮልቷን፣ ለአፍታ ነካ አድርግለት። ወረቀቱ ወደ ውጭ ዘለል ካለ ባትሪው ፕላስ የነካው ሽቦ ፕላስ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ገልብጠው።