ለምርምር የሚሆን ሴል ላይን አመራረጥ

ሴል ላይን ከሰው ወይም ከእንስሳ ተወስዶ ላቦራቶሪ ውስጥ እየተባዛ የሚኖር የሴል ዘር ነው። ጤነኛ የሰው ሴል ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መባዛቱን ያቆማል። የካንሰር ሴል ግን ማቆሚያ ላይኖረው ይችላል። ሂላ የሚባለው ዝነኛ ዘር በ1951 እ.ኤ.አ. ከሄንሪዬታ ላክስ የማህፀን በር ካንሰር ተወሰደ። ፈቃዷን የጠየቀ አልነበረም። እሷ በዚያው ዓመት አረፈች፤ ሴሎቿ ዛሬም ይባዛሉ።

ምርጫው ከጥያቄው ይነሳል። ቫይረስ ማራባት የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ቬሮን ይይዛል። ቬሮ ከጦጣ ኩላሊት የመጣ ነው፤ ቫይረስ ሲገባበት ኢንተርፌሮን የሚባለውን ቫይረስ ተከላካይ ፕሮቲን ስለማያመነጭ ቫይረሱ እንደልቡ ይራባል። ለመድኃኒት የሚሆን ፕሮቲን በብዛት ለማምረት ደግሞ ሃምስተር ከሚባል አይጥ መሰል እንስሳ እንቁልጢ የተገኘው ቾ አለ። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን በጡት ካንሰር ላይ የሚያደርገውን ለማየት ኤምሲኤፍ 7 ይሆናል፤ ሆርሞኑን የሚቀበል ፕሮቲን አለው። ሌላው የጡት ካንሰር ዘር ኤምዲኤ ኤምቢ 231 ግን የለውም።

ስም አያታልላችሁ። ኤችኢኬ 293 ከፅንስ ኩላሊት ተገኘ ቢባልም ጠባዩ ወደ ነርቭ ሴል ያደላል። ባዕድ ጂን ለማስገባት ግሩም ነው፤ ኩላሊትን ለማጥናት ግን አልመርጠውም። 293 ራሱ የሙከራው ተራ ቁጥር ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው የማንነት መደበላለቅ ነው። ኤምዲኤ ኤምቢ 435 ለዓመታት የጡት ካንሰር ተብሎ ተጠና። በኋላ ጂኑ ሲፈተሽ ኤም 14 ከሚባል የቆዳ ካንሰር ዘር ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ስንት ጽሑፍ ወጥቶበት! በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጄኔቲክስ ተመራማሪው ስታንሊ ጋርትለር የተለያዩ ናቸው የተባሉ 18 ዘሮች የሂላ ምልክት እንዳለባቸው አሳየ። ሂላ ፈጥኖ ስለሚባዛ ሌላ ዕቃ ውስጥ ጠብ ካለ ባለቤቱን ያስወጣል። ስለዚህ ከጎረቤት ላቦራቶሪ በነጻ የተገኘ ሴል ደስ ቢልም፣ ኤስቲአር በሚባለው የዲኤንኤ ምርመራ ማንነቱ ሳይረጋገጥ ሥራ መጀመር የለበትም።

ማይኮፕላዝማም አለ። ይህ ባክቴሪያ ሴሉ የሚያድግበትን ፈሳሽ አያደፈርስም፣ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም። ሴሉ ደህና ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ይዛባል። መለየት የሚቻለው በምርመራ ብቻ ነው።

ሴሉ ዕቃውን ሲሞላ ተቀንሶ ወደ አዲስ ዕቃ ይዛወራል፤ ይህ ፓሴጅ ይባላል። ፓሴጅ በበዛ ቁጥር ሴሉ ጠባዩን ይቀይራል። ስለዚህ አዲስ ሴል ገና እንደተባዛ ከፊሉ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣል፤ ብልቃጡ ላይ ስሙ፣ የፓሴጅ ቁጥሩና ቀኑ ይጻፋል፤ በማይለቅ ቀለም።