ማታ የታሰረ በረዶ ፀጉር አያተርፍም

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ለሁለተኛ ዙር ኬሞ (ፀጉር ሊያረግፍ የሚችል የካንሰር መድኃኒት) እኔ ወደምሠራበት ክፍል ከዘጌ በጀልባ መጡ። ሻሻቸውን ሲፈቱ ፀጉሩ አልቋል፤ ከግንባራቸው በላይ ደግሞ ቆዳው ቆስሏል። «ምን ነካዎት እማማ?» አልኳቸው። ልጃቸው «ውጭ አገር ፀጉር የሚያተርፉት በበረዶ ነው» መባሉን ሰምቶ ከዓሣ ነጋዴዎች በረዶ እየገዛ ማታ ማታ በፌስታል ያስርላቸው ነበር። ይህን ወሬ ስሰማ ዓመታት ሆነኝ፤ አሁንስ መረረኝ።

ውጭ አገር የሚደረገው ሌላ ነው፤ በማሽን የሚቀዘቅዝ ቆብ ራስ ላይ ይጠለቃል። ቅዝቃዜ የራስ ቆዳን የደም ሥሮች ያጠባል፤ ወደ ፀጉር ሥር የሚደርሰው መድኃኒት ይቀንሳል፤ ሥሩም ሥራውን ያቀዘቅዛል። ጥቅሙ ግን መድኃኒቱ በደም ውስጥ በብዛት በሚዘዋወርበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ቆቡ መድኃኒቱ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ይጠለቃል፤ መድኃኒቱ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ አይወልቅም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ራስ ላይ ይቆያል። ማሽኑ ቀዝቃዛ ፈሳሽ በቆቡ ውስጥ እያዞረ ቅዝቃዜውን እኩል ያደርገዋል። የፌስታል በረዶ አንዱን ቦታ ያቆስላል፣ ሌላውን አይነካም። ማታ ቤት ሲታሰርማ መድኃኒቱ የፀጉሩን ሥር ካገኘው ቆይቷል።

«ማሽኑ ካለ ፀጉር አይነካም» የሚሉም አሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ጥናት ቆቡን ካጠለቁ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ አብዛኛው ፀጉራቸው ተረፈ፤ ካላጠለቁት አንዲትም አልተረፈላትም። ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ግማሽ ነው። ዶክሶሩቢሲን፣ ያ ቀዩ መድኃኒት፣ ሲሆን ደግሞ ውጤቱ ያንሳል።

«ፀጉር ካልረገፈ መድኃኒቱ አልሠራም»፦ ስህተት ነው፤ የፀጉር ሥርና የካንሰሩ ዕጢ አይገናኙም።

«የረገፈ አይመለስም»፦ በአብዛኛው ሕክምናው ካለቀ በኋላ በወራት ውስጥ ይበቅላል።

«ቆቡ ለማንኛውም ካንሰር ይሆናል»፦ ለደም ካንሰር አይሰጥም።

እኔ በምሠራበት ክፍል ማሽኑ የለም። እህቶቼ፣ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ፀጉራችሁን አሳጥሩ፤ ጠበቅ ያለ ሹሩባና የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል ይቅርባችሁ፤ ለስላሳ የጥጥ ሻሽ እሰሩ። ራሳችሁ ላይ ቁስል ካለ ሳታፍሩ አሳዩን፤ ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚያወርድ ትንሽ ቁስል እንኳ የኢንፌክሽን በር ነው። ትኩሳታችሁ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ።