ሥራ ፈጠራን በፖድካስት ማሠልጠን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድሬዳዋ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ላይ ፖድካስትን፣ ማለትም ስልክ ላይ ወርዶ በፈለጉት ሰዓት የሚደመጥ የድምፅ ዝግጅትን፣ ለሥራ ፈጠራ ትምህርት የመጠቀም ሐሳብ ሲነሣ፣ ገና ሳይሞከር የሚያስቀሩት አመለካከቶች አሉ።

«ያለማቋረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል።» አይፈልግም። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የተዘጋጀ የ10 ደቂቃ ንግግር 5 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አሠልጣኙ አንዴ ከቴሌግራም ካወረደው በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ካርድ ለሁሉም ያዳርሰዋል።

«ውድ መሣሪያ ያስፈልገዋል።» ስልክ ይበቃል፤ የግራይንደርና የባጃጅ ድምፅ የማይገባበት ክፍል መርጦ ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ማራቅ ነው።

«የአሠልጣኙን ገለጻ ቀድቶ መላክ በቂ ነው።» ከሁሉ የሚጎዳው አመለካከት ይህ ይመስለኛል። የዋጋ አተማመን ቀመር በሞጁሉ (በሥልጠናው መማሪያ ጽሑፍ) ውስጥ አለ፤ ሠልጣኙ በድምፅ ቢሰማው የሚጨምርለት ጥቂት ነው። ሞጁሉ የማይሰጠው፣ አንድ የብየዳ ባለሙያ የበር ትዕዛዝ ሲቀበል እንዴት እንደሚያስብ ነው፤ የላሜራውንና የቱቦላሬውን ዋጋ፣ ኤሌክትሮዱን፣ መብራቱን፣ የረዳቱን ክፍያ ከደመረ በኋላ የራሱን ድካም ረስቶ ዋጋ ሲናገር፣ ደንበኛው ሲከራከረው እስከ የት እንደሚወርድ፣ ቀብድ ሳይቀበል ብረት ቢገዛ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ከራሱ አንደበት መስማት ሌላ ነገር ነው። ቅጂውን ባለሙያው ዋጋ ከመናገሩ በፊት አቁሞ «እናንተ ስንት ትሉ ነበር?» ብሎ ሠልጣኞቹን በወረቀት ማስላት፣ ከዚያም የእርሱን መልስ ማሰማት ያስፈልጋል። ክርክሩ የሚጀምረው፣ ትምህርቱም የሚገባው ያኔ ነው።

«ያው ራዲዮ ነው።» አገራችን በራዲዮ ትምህርት የካበተ ልምድ ስላላት ዝምድናው እውነት ነው። ሆኖም ለትብብር ሥልጠና (በሥራ ቦታ ለሚደረግ የተግባር ልምምድ) ጋራዥ ውስጥ የሚውል ሠልጣኝ የራዲዮው ሰዓት ያልፈዋል፤ ፖድካስቱን ግን ማታ ይከፍተዋል፣ ያልገባውንም ደግሞ ያዳምጣል።

«ያዳመጠ ሁሉ ሥራ ፈጣሪ ይሆናል።» ማዳመጥ ብቻውን ክህሎት አይሆንም። ሠልጣኞች ራሳቸው በከተማዋ ወዳሉት ቀፊራ ወይም ታይዋን ገበያ ወርደው አንዲት ነጋዴ መነሻ ገንዘቧን ከዕቁብ አገኘች ወይስ ከብድር፣ ዱቤ ለማን እንደምትሰጥና ለማን እንደምትከለክል ጠይቀው አጭር ዝግጅት ቢሠሩ ይመረጣል። የማያውቁትን ሰው ቀርቦ ማስፈቀድና ማግባባት ራሱ የንግድ ክህሎት ነውና። የሰው ገቢና ዕዳ ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከክፍል መውጣት የለበትም።

«በአማርኛ ከተዘጋጀ ለሁሉም ይዳረሳል።» አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በሚነገሩባት ከተማ ባለሙያው በሚቀናው ቋንቋ ቢናገር ጨዋታው ይፈታል፤ አሠልጣኙ ፍሬ ነገሩን ለቀሩት ማስረዳት ይችላል። መስማት ለተሳናቸው ሠልጣኞች ደግሞ ሙሉ ቃሉ በጽሑፍ ከድምፁ እኩል መድረስ አለበት።