በገናው አልተበላሸም

አንድ ጓደኛዬ አራት ኪሎ ሄዶ በገና ገዝቶ በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። «ልመልሰው ነው፣ ዝዝዝ ይላል፣ የሆነ ነገር ላልቷል መሰለኝ» አለኝ። ሳቄን አፍኜ «ቆይ፣ እንዳትመልሰው» አልኩት። ስለ በገና አሠራር እንዲህ ዓይነት የተሳሳተ ነገር ብዙ ይወራል።

«ከነዘረ ተበላሽቷል»

እንደውም ካልነዘረ ነው ችግሩ። ገበቴው፣ ማለትም የድምፅ ሣጥኑ፣ ላይ በተወጠረው ቆዳ ላይ በርኩማ የሚባል እንጨት ይቆማል፤ አውታሮቹ (ክሮቹ) የሚያርፉት እሱ ላይ ነው። በየአውታሩና በበርኩማው መሃል ደግሞ ትንሽዬ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ እንዝራ ትባላለች። አውታሩ ሲመታ የበርኩማውን ጠርዝ እየነካካ ይርገበገባል፣ ያ ዝዝታ የሚመጣው ከዚያ ነው። እንዝራዋን ለጥቂት ገፋ ወይም ሳብ ስታደርጓት ድምፁ ይከፈታል ወይም ይታፈናል። ሠሪው ጆሮውን ደፍቶ የአሥሩንም አውታር እንዝራ አንድ በአንድ ሲያስተካክል ማየት ነው፣ እኔ ብሆን ሦስተኛው ላይ ትቼው ነበር። ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ከአንዱ አውታር ሥር እንዝራዋን አወጣኋትና «ስማ» አልኩት። ድም ብሎ ጸጥ።

«አውታሩ ጅማት የሚባለው ጅማት ስለሆነ ነው»

ስሙ ነው እንጂ የበግ አንጀት ነው፤ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ተገምዶ ይደርቃል። ዛሬ ናይለን የሚያስሩ አሉ፣ እርጥበት አይፈራምና አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ክረምት ላይ ቅኝቱ እየተዛባ ቢያሰለቸኝም አንጀቱን አልለቅም።

«አሥር አውታር ካለው አሥሩም ይመታል»

ብዙ ደርዳሪዎች የሚመቱት 5 ወይም 6 ብቻ ነው። የቀሩት የጣት ማሳረፊያ ናቸው።

«ያው ትልቅ ክራር ነው»

ክራር 5 ወይም 6 ክር ነው ያለው፣ እንዝራም የለውም። ድምፁን ሰምቶ የሚያምታታ ሰው ካለ እሱን ተዉት።

«የቅዳሴ መሣሪያ ነው»

አይደለም። ማኅሌት ላይ የምናየው ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ነው። በገና ለብቻ ተቀምጦ ለመጸለይ ነው፣ በተለይ በሁዳዴ። የቄስ ወይም የወንድ ብቻም አይደለም፤ ድሮ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ይደረድሩት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ሴት ተማሪዎች ሞልተዋል።

ጓደኛዬ ትናንት እንደገና ደወለ። «ስድስተኛው አይነዝርም፣ ተበላሽቶ ይሆን?»