ከጀልባዋ ላይ ልክ መውሰድ ምንድን ነው?

ለትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ መለዋወጫ ስትገጥሙ ልኩን ከፕላኑ ወይም ከካታሎጉ ሳይሆን ከራሷ ከጀልባዋ መውሰድ ማለት ነው። ቀላል ይመስላል። ግን አዲስ መሪ (ጀልባዋን የሚያዞረው ከኋላ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰሌዳ) ገዝቶ «አልገጥም አለኝ» ብሎ የሚበሳጭ ሰው ብዙውን ጊዜ የዘለለው ይህንን ነው።

ሚረርን እንውሰድ። 3.3 ሜትር የምትረዝመው ይህች ጀልባ እንግሊዝ ውስጥ በ1963 እ.ኤ.አ. ወጣች። ንድፏ የጃክ ሆልትና የባሪ ባክኔል ነው፤ ስሟንም ያገኘችው ካስተዋወቃት ከዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ነው። ገዢው ተቆርጦ የተዘጋጀ ኮምፔንሳቶ ቤቱ ይወስዳል። ሳንቃዎቹን በመዳብ ሽቦ ይሰፋል፤ መገጣጠሚያውን በፋይበርግላስ ጥብጣብና በሬዚን ያጣብቃል። ከ70,000 በላይ ተሠርተዋል፣ ብዙዎቹም በባለቤቶቻቸው እጅ። ታዲያ አንዱ ሽቦ ትንሽ ከጠበቀ ግራና ቀኙ እኩል አይወጣም። እንዲህም ሆና ጀልባዋ በደንብ ትሄዳለች። ይሄ በእኔ እምነት ነውር አይደለም፤ መለዋወጫው ግን ይህንን ማክበር አለበት።

መሪው ከኋላ ሳንቃ ላይ በሁለት ማጠፊያ ይንጠለጠላል። የሁለቱ ቀዳዳ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ካልዋለ መሪው እየያዘ ያስቸግራል። ሳንቃው ከጎበጠ ደግሞ ማጠፊያዎቹ ጉብጠቱን ይከተላሉ። ስለዚህ ብሎን ከማሰራችሁ በፊት ቀጥ ያለ ዘንግ በሁለቱም ቀዳዳ አሳልፉ። ዘንጉ ያለ ግፊት ሲዞር አንዱ ማጠፊያ ከሳንቃው ትንሽ ራቅ ብሎ ታዩታላችሁ። ያንን ክፍተት በስስ እንጨት ወይም ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ፣ በኢፖክሲ፣ ሙሉት። ሳንቃውን በብሎን ጎትታችሁ ለማቅናት አትሞክሩ፤ ይሰነጠቃል። ትራፓኖ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ቀዳዳውን ከብሎኑ ሰፋ አድርጋችሁ ብሱ፣ በኢፖክሲ ሙሉ፣ ሲደርቅ በልኩ እንደገና ብሱ። አለበለዚያ ውሃ በብሎኑ ዙሪያ ሰርጎ ኮምፔንሳቶውን ከውስጥ ያበሰብሰዋል።

ለጎባጣ ጠርዝ ካርቶንና የክብ መሳያ ኮምፓስ ይበቃል። ካርቶኑን ከጀልባዋ ጎን አስጠግታችሁ አጽኑት። ኮምፓሱን በካርቶኑና በጀልባዋ መካከል ባለው በሰፊው ክፍተት ልክ ክፈቱ። መርፌውን በጀልባዋ ጎን ስታስኬዱ እርሳሱ ካርቶኑ ላይ ያንኑ ጉብጠት ይስላል። እጃችሁ ኮምፓሱን ካዘነበለው መስመሩ ይሳሳታል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ አቅጣጫ ይያዝ። ቆርጣችሁ ሞክሩት፤ እንጨቱ የሚቆረጠው ካርቶኑ ልክክ ሲል ነው። የግራውን ካርቶን ገልብጣችሁ ለቀኝ አትጠቀሙበት። ለቀኙ ሌላ ካርቶን ያዙ።

በሚረር የምትወዳደሩ ከሆነ አዲሱን ክፍል ከመሥራታችሁ በፊት የውድድሩን ደንብ እዩ፤ ደንቡ የሚፈቅደው ልዩነት ገደብ አለው።