«ሜሴጁን አየሁት እኮ!»፦ ሐዋሳ ላይ ስለ ዲጂታል ንግድ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጠዋት አሞራ ገደል ነበርኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል። አባ ኮዳዎቹም (ትልልቆቹ ወፎች) የዓሣ አንጀት ሊቃርሙ ተሰልፈዋል። እዚያ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ደንበኛ አለችኝ። ማታ ማታ የትንንሽ ነጋዴዎችን ደብተር ስለማገላብጥ «የሒሳቡ ልጅ» ትለኛለች። ከመጥበሻዋ ቀና አለችና «ስማ፣ ይሄን ቴሌብር ልተወው እንዴ? ገቢዎች ያዩሻል ይሉኛል» አለችኝ። ጎኗ ቡና የምታፈላው ሴት ቀበል አድርጋ «እኔማ ስልኬ የድሮዋ ባለ ቁልፍ ናት፣ ለኔ አይሆንም» አለች። ሻይ የሚጠጣው ባለ ባጃጅ ደግሞ «ባክሽ ይሄ ሁሉ ለአዲስ አበባ ልጆች ነው» ብሎ ደመደመው።

ቁርሴን ሳልጨርስ ሦስት ስህተት ሰማሁ። ከዚያ ልጀምርና በየሱቁ የምሰማቸውን ሌሎቹንም ላክልባቸው።

«ፖሊሲው ለአዲስ አበባ የኮምፒውተር ልጆች ነው»

የሚኒስትሮች ምክር ቤት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ስትራቴጂ ያጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። በነገራችን ላይ 2025 የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጄ «ገና ሰባት ዓመት አለን፣ ምን አስቸኮለህ?» ብሎኝ ያውቃል።

ስትራቴጂው አራት መስኮችን ለይቶ አስቀምጧል፦ ግብርና፣ ማኑፋክቸሪንግ፣ በአይቲ የሚሰጥ አገልግሎት እና ቱሪዝም። የኮምፒውተር ልጆቹ ከአራቱ በአንዱ ውስጥ ናቸው። ቀሪዎቹን ለማግኘት ከሐዋሳ መውጣት አያስፈልግም። የሲዳማ ቡና እዚሁ ነው፣ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚሁ ነው፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ፎቶ የሚያነሳው ልጅም ቱሪዝም ማለት ነው።

«እኔ እንኳ በጣም ትንሽ ነኝ» የሚልም አለ። የ2003ቱ የጥቃቅንና አነስተኛ ስትራቴጂ በአገልግሎት ዘርፍ «ጥቃቅን» ያለው ከ5 ሰው ያልበለጠና ካፒታሉ ከ50 ሺህ ብር ያልዘለለ ነው። ዛሬ በዚያ ብር ደህና ፍሪጅ አይገዛም። ስለዚህ ፖሊሲው በጣም ትንሹንም ይቆጥረዋል።

ባለ ባጃጁን «ቤንዚን በምን ትከፍላለህ?» አልኩት። ሳቀ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማደያ ላይ ክፍያው በስልክ ነው። ሳያውቀው ከገባበት ቆይቷል።

«በቴሌብር ከተቀበልኩ ገቢዎች በሬን ያንኳኳል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚፈራው ይሄንን ነውና።

ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ለግብር ሰብሳቢው ከሦስተኛ ወገን መረጃ የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ስለዚህ «ማንም አያይህም» ያላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል። ስህተቱ ያለው በሌላው ግማሽ ላይ ነው። ግብር የሚጣለው በሽያጭ ላይ ነው፣ ስልክ ላይ አይደለም። በጥሬ ብር የተሸጠ ዓሣና በስልክ የተከፈለበት ዓሣ በሕግ ፊት አንድ ናቸው። ስልኩን ስታጠፉ ግብሩ አይጠፋም። የሚጠፋው የእናንተ ማስረጃ ነው።

ማስረጃ ለምን ይጠቅማል? የቀን ገቢ ግምት የሚሠሩት ሰዎች የመጡበትን ቀን አስታውሱ። የኔዋ ዓሣ ጠባሽ ዘንድ የመጡት በጾም ሰሞን ነበር። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።) ሰልፍ ነበር። እሷም ያን ቀን ደስ ብሏት «ዛሬስ ተመስገን» ስትል ሰምተዋታል። በክረምት ዝናብ ሲጥል ሦስት ዓሣ ብቻ ሸጣ የገባችበትን ቀን ግን ማንም አልጻፈላትም። የስልኩ መዝገብ ሁለቱንም ቀን ይጽፋል።

ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ ይሄን ደጋግሜ እላለሁ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች ለሆነ ነጋዴ ግብሩ ከጠቅላላ ሽያጩ ላይ እንዲሰላ አድርጓል። ወጪህ ምን ያህል ነበር ሳይሆን ስንት ሸጥክ ነው ጥያቄው። አሁን የዓሣ ጠባሿን ስልክ እንክፈት። ጠዋት 350 ብር፣ ዓሣ። 700 ብር፣ ዓሣ። 6 ሺህ ብር፣ ወንድሟ ለእናታቸው መድኃኒት የላከው። 80 ሺህ ብር፣ እቁብ ደርሷት። 350 ብር፣ ዓሣ። ሁሉም ባንድ ቁጥር ነው የገባው። እሷ ታውቀዋለች። ወረቀቱን ብቻ የሚያይ ሰው ግን የእቁቡን 80 ሺህ ከዓሣው በምን ይለየው?

ኪስና ካዝና መለየት ነው መፍትሔው። በንግድ ፈቃድና በቲን (በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) የሚከፈት የነጋዴ ሒሳብ አለ። የሽያጭ ብር እዚያ ይግባ። እቁብ፣ ዘመድ፣ ለቅሶ፣ ብድር መላሽ፣ ሁሉም በግል ቁጥር ይሂድ። ብዙ ሰው የሚቸገረው ግብሩ በዝቶበት ሳይሆን የራሱን ብር ከሱቁ ብር መለየት አቅቶት ነው።

«ሜሴጅ ከመጣ ብሩ ገብቷል»

ይሄ ደግሞ የጥንቁቆቹ ስህተት ነው። «እኔ ስክሪንሾት አልቀበልም፣ ሜሴጁ በራሴ ስልክ ካልመጣ እቃ አልሰጥም» ይላሉ። ከስክሪንሾት ይሻላል፣ አይካድም። ግን አይበቃም።

መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ ያለው ዘመዴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ማምሻውን ነው፣ ሱቁ ጢም ብሏል። አንድ ልጅ ሁለት ጀሪካን ዘይትና አንድ ከረጢት ስኳር አዘዘ። «ልኬልሃለሁ አጎቴ» አለው። እውነትም ስልኩ ጢጥ አለች። አየው፤ «ተቀብለዋል» ይላል፣ የብሩ መጠን አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ምስጋናም አለበት። ልጁ በባጃጅ ጭኖ ሄደ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ብሩ የለም። ሜሴጁን እኔ አየሁት። ቃሉ ሁሉ ትክክል ነው። የላከው ቁጥር ግን በ09 የሚጀምር፣ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ቁጥር ነው። ዘመዴ ግን «ሜሴጁን አየሁት እኮ!» ከማለት አላረፈም።

የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ጽሑፉን ከማንበባችሁ በፊት ከላይ ማን እንደላከው እዩ። ከዚያም ለብዙ ብር እቃ ስትሰጡ መልእክቱን ትታችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን ተመልከቱ። ከፍ ብሏል? ጨርሳችኋል። አልጨመረም? ዘይቱ መደርደሪያው ላይ ይቆይ። ደንበኛ ይቀየመኛል ብላችሁ አትጨነቁ፤ ቀና ሰው ግማሽ ደቂቃ ይጠብቃል።

ሌላም አለች። «እናቴ፣ በስህተት ብር ልኬብሽ ነው፣ መልሺልኝ» የምትል ስልክ ትመጣለች። ከመመለሳችሁ በፊት ያው፣ ቀሪ ሒሳብ። ባለ 6 አሃዙን የሚስጥር ቁጥር ደግሞ የቴሌ ሠራተኛ ነኝ የሚልም፣ የባንክ ነኝ የሚልም፣ የገዛ ልጃችሁም ሊያውቀው አይገባም።

«ስማርትፎን ከሌለኝ አይሆንም»

ይሆናል። *127# ደውሉ፣ የምርጫ ዝርዝር ይመጣል፣ ቁጥር እየመረጡ መሄድ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። የቡናዋን ባለቤት እዚያው በባለ ቁልፏ ስልክ አስጀመርኳት። የመጀመሪያዋን 20 ብር እኔ ከፈልኩ፣ ስኒው ግን በነጻ ነው ብላ ተጣላችኝ።

«የስልክ ብድር የመንግሥት ድጎማ ነው፣ ባይመለስም ችግር የለም»

ይሄን የሰማሁት ከወጣቶች ነው፣ ያሳስበኛልም። ቴሌብር ብድርና ቁጠባ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳሽን ባንክ ጋር ነው። «መላ» ብድር ነው። «እንደኪሴ» ሒሳብ ሲጎድል የምትሞላ ነች። «ሳንዱቅ» ቁጠባ ነው። ብሩ የባንክ ብር ነው፣ የአገልግሎት ክፍያም አለው። መያዣ አልተጠየቃችሁም ማለት ስጦታ ነው ማለት አይደለም። የሚታየው የስልኩ እንቅስቃሴያችሁ ነው፦ ምን ያህል ይገባል፣ ምን ያህል ይወጣል፣ የበፊቱን በጊዜው መልሳችኋል ወይ። ያልተመለሰ የባንክ ብድር ደግሞ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ውስጥ ይመዘገባል። ነገ ለፍሪጅ ወይም ለስፌት ማሽን ትልቅ ብድር ስትጠይቁ ያቺ ትንሽ ዕዳ ከፊታችሁ ትቀመጣለች።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው «ካርታ ከሌለኝ ባንክ ዞር ብሎ አያየኝም» የሚለው ነው። ለብዙ ዘመን እውነት ነበር። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1147 ግን የሚንቀሳቀስ ንብረትን በመያዣነት ማስመዝገብ እንዲቻል አድርጓል። ባጃጅ፣ የስፌት ማሽን፣ መጋዘን ያለ እቃ፣ ከብትም ጭምር። ምዝገባው በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ነው። የብድር መኮንኑ በደስታ ይቀበላችኋል ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ አሁንም ካርታ ነው የሚለው። ግን ሕጉ አይፈቅድም ካላችሁ ተሳስቷል፣ አዋጁን በቁጥሩ ጥሩለት።

«በቴሌግራም የተስማማነው ውል አይደለም»

ልብስ ሰፊው ወዳጄ ለአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተቀበለ። ብዛቱ፣ ዋጋው፣ የጨርቁ ቀለም፣ ሁሉም በቴሌግራም ነበር። ሰፍቶ ሲጨርስ «ቀለሙ አይደለም» አሉት። «ወረቀት ላይ አልፈረምን፣ ምን አለኝ?» ብሎ አንገቱን ደፋ።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ይደነግጋል። የቤት ሽያጭ ሌላ ነው፣ እሱ የራሱ ፎርም አለው። ዩኒፎርም ግን ቤት አይደለም። እሱ የጨርቁን ፎቶ ልኮ ከወዲያ «እሺ፣ ይሄ ይሁን» የሚል መልስ አግኝቶ ነበር። ያቺን መልስ ሲያሳያቸው ነገሩ በሽምግልና አለቀ። ድምፅ ቀድታችሁ ከምትላላኩ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ለመፈለግም ለማሳየትም ይቀላል። ደግሞ ስልክ ስትቀይሩ ሁሉን አጥፍታችሁ አትጀምሩ።

«ፋይዳ ብሔር ለመቁጠር ነው»

አይደለም። ፋይዳ በተባለው ዲጂታል መታወቂያ የሚመዘገበው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና ፎቶ ነው። ብሔርና ሃይማኖት የሉበትም። የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው፣ ምዝገባውም በነጻ ነው። «ቶሎ አስጨርስልሃለሁ፣ 300 ብር አምጣ» የሚልህን ሰው ዝም ብለህ እለፈው።

«ኦንላይን ከሆነ መመላለስ ቀረ»

ይሄ የተስፈኞች ስህተት ነው። የንግድ ፈቃድ ማውጣትና ማደስ ኦንላይን ሆኗል፣ እውነት ነው። ግን «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ ነጋዴ ካለ እጁን ያውጣ። ኦንላይን አስገብታችሁም «ሃርድ ኮፒውን አምጡ» ትባላላችሁ። እኔ ራሴ አንድ ወረቀት ይዤ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ኔትወርክ መጣና ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰውዬ ለምሳ ወጣ። ፖሊሲው እዚህ ጋ ያነክሳል፣ አልደብቅም።

ከዚያ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ሰው ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄድና «ሙላልኝ» ይላል። ልጁም ሥራ ስለሚበዛበት በራሱ ኢሜይልና በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፍተዋል። ንግዱ የእናንተ፣ ቁልፉ የኮፒ ቤቱ ልጅ። በዓመቱ ልጁ ሱቁን ለቆ ሄዷል፣ ማረጋገጫ ኮዱም እሱ ጋ ይሄዳል።

ዓሣ ጠባሿም እንዲሁ ሆና ነው የተገኘችው። ልጁን ስናፈላልግ ሻሸመኔ ገብቷል። ደወልንለት። ደግ ልጅ ነው፣ አልተቆጣም። «ቆይ፣ ኮዱ እየመጣልኝ ነው» አለ፣ ስድስቱን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበልን፣ እሷ በዱቄት እጇ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዛ እኔ ጻፍኩ። ቁጥሩ ወደ ራሷ ዞረ። ቴሌብሩን ልተወው ያለችውን ጉዳይ ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም። ለእቁቧ ግን አዲስ ሲም አውጥታለች።